ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው

የሲቢዩ ቤቶች ያፈጣሉ። ቀይ የሸክላ ክዳናቸው ላይ በከፊል እንደ ተከደነ ዐይን የተሠሩ ጠባብ የአየር መስኮቶች አሏቸው፤ አደባባዩ መሐል ቆሞ ቀና ያለ ሰው ከየጣሪያው ሁለትም ሦስትም ዐይን ቁልቁል ሲያየው ያገኘዋል። የከተማው ሰው ለምዶታል፤ ስኒና ቲሸርት ላይ አትሞ ይሸጠዋል። እኔ ግን አንገቴን ሰቅዬ፣ ከመንገደኛ ጋር እየተላተምኩ ስዞር ዋልኩ። ደስ የሚሉ ከተሞች ብዙ አይቻለሁ፤ ሲቢዩ ግን ገና ከመሐሏ ሳልወጣ ትናፍቀኝ ጀመር።

ከተማዋ በሩማኒያ መካከል፣ የካርፓቲያን ተራሮች በከበቡት የትራንሲልቫኒያ አምባ ላይ ነው ያለችው። መግቢያዋ ላይ ያለው ሰሌዳ ሁለት ስም ይዟል፤ ከላይ ሲቢዩ፣ ከሥር ሄርማንሽታት። ሁለተኛው የጀርመኖቹ ስም ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት፣ በግንብ ያጠሯት፣ የእጅ ሙያ ማኅበራትን ያቋቋሙባት እነሱ ናቸው። በአደባባዩ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ያሠራው የትራንሲልቫኒያ ገዢ የነበረው ሳሙኤል ፎን ብሩከንታል የሥዕል ስብስቡን ለሕዝብ አውርሶ ነበርና በ1817 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የሮኬት ሳይንስ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሄርማን ኦበርትም በ1894 የተወለደው እዚሁ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።) ዛሬ ግን ከከተማዋ ነዋሪ ውስጥ ጀርመናዊ የሆነው ከመቶ ሁለት አይሞላም።

የምኖረው ባቫሪያ ነው። እዚያ በየዓመቱ ለጰራቅሊጦስ በዓል ዲንክልስቡል የምትባል ጥንታዊ ትንሽ ከተማ በጥልፍ ልብስ በደመቁ ሰዎች ትጥለቀለቃለች። ሴቶቹ በከበረ ድንጋይ የተንቆጠቆጠ መታጠቂያ ይታጠቃሉ፤ ወንዶቹ ጥቁር ቦት ጫማ ተጫምተው በየመንደራቸው ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ ኋላ ይሰለፋሉ። ከ1951 ጀምሮ እንዲህ ይሰባሰባሉ። በሰሌዳው ላይ የተጻፉት መንደሮች ግን አንዳቸውም ጀርመን አገር ውስጥ የሉም። ከተሰላፊዎቹ አንዱን፣ ላብ ያጠመቃቸውን ሽማግሌ፣ የት ነው መንደሩ ብዬ ጠየቅኋቸው። “እኔ ብነግርሽ ምን ዋጋ አለው? ሄደሽ እዪው” አሉኝ። ሄድኩ።

ነገሩ የሚጀምረው በ12ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። የሃንጋሪው ንጉሥ ዳግማዊ ጌዛ የግዛቱን ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚያለማለትና የሚጠብቅለት ሰው ፈለገ። ከራይንና ከሞዘል ወንዞች አካባቢ፣ ከሉክሰምበርግና ከፍላንደርስ ገበሬና የእጅ ባለሙያ አስመጣ። ሳክሶኖች ተባሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከሳክሶኒ የመጡ አልነበሩም። በ1224 ንጉሥ ዳግማዊ እንድሪያስ የመብት ደብዳቤ ጻፈላቸው፦ ዳኞቻቸውንና ካህናቶቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ መሬታቸውን ለመኳንንት የሚሰጥባቸው አይኖርም፤ በምላሹ በዓመት 500 ማርክ ብር ይገብራሉ፣ ንጉሡ በግዛቱ ውስጥ ሲዘምት 500 ወታደር ያሰልፋሉ። በአውሮፓ አብዛኛው ገበሬ የጌታ ጭሰኛ በነበረበት በዚያ ዘመን እነዚህ ሰዎች ጌታ አልነበራቸውም። መንደሮቻቸው ውስጥ ትልቅ የመኳንንት ቤት ፈልጌ ያጣሁት ለዚህ ነው። ትልቁ ቤት ቤተ ክርስቲያኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ምሽግ ነው።

በ1241 ሞንጎሎች አገሩን አመድ አደረጉት፤ ከዚያም በ15ኛው መቶ ዘመን የኦቶማን ቱርክ ፈረሰኞች ተራራውን ተሻግረው መንደር እያቃጠሉ፣ ሰው እየማረኩ ይመለሱ ጀመር። ከተማ ግንብ አለው፤ ገበሬ የት ይግባ? ሳክሶኖቹ ቤተ ክርስቲያናቸውን በግንብ አጠሩት፤ ማማ ተከሉበት፤ የቀስትና የጠመንጃ ቀዳዳ፣ የፈላ ውሃና ዝፍት ማፍሰሻ አበጁለት። እንዲህ ያሉ የተመሸጉ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም 150 ያህል ቆመው አሉ። ሰባት መንደሮች፣ ስድስቱ የሳክሶን፣ አንዱ የሃንጋሪኛ ተናጋሪዎቹ የሴክሊዎች፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

መኪና ተከራይቼ ከሲቢዩ ወጣሁ። መንገዱ ዝቅ ከፍ በሚል የሣር ኮረብታ መሐል ይጠማዘዛል። ከፊትዎ በፈረስ የሚጎተት የድርቆሽ ጋሪ ሲገጥምዎ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው፤ መቀነሱም ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ነው መንደሩ የሚታየው። ቤቶቹ በሁለት ረድፍ፣ ጠባብ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቆማሉ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የአፈር ቢጫ። ግንባራቸው ላይ የተሠሩበት ዓመትና የባለቤቱ ስም በኖራ ቅርጽ ጎልቶ ተጽፏል። በቤትና በቤት መሐል ጋሪ የሚያስገባ ረጅም በር አለ፤ ከበሩ ኋላ ግቢ፣ ከግቢው ኋላ ጎተራ፣ ከጎተራው ኋላ የፕሪም ዛፎች። በየመብራት ምሰሶው ጫፍ ሽመላ ጎጆ ሠርታለች፤ ብርድ ሲመጣ የዐባይን ሸለቆ ተከትለው ወደ እኛ አቅጣጫ ከሚወርዱት ሽመላዎች ናት። ዘመድ ያየሁ ያህል መኪናዬን አቁሜ ሰላም አልኳት።

ፕሬዥመር በምትባለው መንደር ያየሁትን ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። ከውጭ ሲታይ 12 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ውፍረቱ በቦታ በቦታ ከአራት ሜትር የሚያልፍ ነጭ ክብ ግንብ ነው። በጨለማ ዋሻ ገብተው ሲወጡ ግን መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ደግሞ በግንቡ ላይ በሦስትና በአራት ፎቅ የተደረደሩ ከ270 በላይ ትንንሽ ክፍሎች ያገኛሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቁጥር የተጻፈበት ክፍል ነበረው፤ በሰላም ጊዜ እህል ያከማችበታል፣ ጠላት ሲመጣ ይገባበታል። በረንዳና በረንዳውን የሚያገናኘው የእንጨት መሰላል ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ትምህርት ቤት ነበር፤ በከበባ መሐልም ልጆቹ ፊደል እንዳይረሱ። ያቺን ክፍል ሳይ በመውደድ ደረጃ ላይ ደረስኩ።

ቪስክሪ በምትባለው መንደር ደግሞ የስብ ማማ አለ። እንደ ተጻፈው ነው፤ የአሳማ ስብ የሚሰቀልበት ማማ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ጨው የተቀባ የስብ ገበታውን በማኅተሙ ምልክት አድርጎ ማማው ውስጥ ይሰቅላል፤ በተወሰነው ቀን ማማው ይከፈትና ሁሉም በጎረቤቱ ፊት የሳምንት ድርሻውን ይቆርጣል። እኔ ጾመኛም የአሳማ ሥጋ የማልቀርብም ሰው ነኝና ስቡ አልናፈቀኝም። አሠራሩ ግን ገረመኝ፤ ሲከበቡ የሚበሉት እንዲኖር፣ አባካኙም ክረምቱ ሳይወጣ እንዳይራብ ተደርጎ የታሰበ ነው።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ግን ማማም ግንብም አይደለም፤ የጎረቤት ማኅበራቸው ነው። በየመንገዱ ያሉ አባወራዎች ተሰባስበው ማኅበር ያቆማሉ፤ “የጎረቤት አባት” የሚሉትን ሰብሳቢ ይመርጣሉ፤ መተዳደሪያ ደንቡና ገንዘቡ በአንድ ሣጥን ይቀመጣል። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ አስከሬን የሚሸከመው ማኅበሩ ነው። ቤት ሲሠራ ያግዛል፣ ጉድጓድ ያጸዳል፣ እሳት ይጠብቃል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው የተጣላ ይታረቃል፤ ያልታረቀ ቁርባን አይቀርብም። መልእክት የሚተላለፈው ምልክት በተቀረጸበት ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ቤት ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ሰሌዳው እቤቱ እንዲያድር ያደረገ ወዮለት። ሙዚየም ውስጥ ሣጥኑን ከመስታወት ኋላ ሳየው አጠገቤ የነበሩት ቱሪስቶች ቀለሙን ያደንቁ ነበር። እኔ የሰፈሬን እድር አየሁ፤ ድንኳኑና ጡሩንባው ብቻ ነው የቀረው።

ቢየርታን የምትባለው መንደር የሳክሶኖቹ የሉተራን ጳጳሳት መቀመጫ ነበረች፤ ከ1572 እስከ 1867። ሦስት ዙር ግንብ የከበበው ቤተ ክርስቲያኗ ከኮረብታ ላይ መንደሩን ቁልቁል ያያል። የዕቃ ቤቱ በር በ1515 የተሠራ ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲዞር ከደርዘን የሚበልጡ መወርወሪያዎች በአንድ ጊዜ ወደየአቅጣጫው ይወረወራሉ። አስጎብኚው ሲያዞረው የሚሰማውን ድምፅ ደግሜ ካልሰማሁ ብዬ አስቸግሬዋለሁ። አጠገቡ ባለ ትንሽ ቤት ደግሞ መፋታት የሚፈልጉ ባልና ሚስት አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ማንኪያ ተሰጥቷቸው ይቆለፍባቸው ነበር ይባላል። በሦስት መቶ ዓመት አንድ ፍቺ ብቻ ነው የጸደቀው ይላሉ። አስጎብኚው ሲያወራው ሁሉም ሳቀ። ከሴቶቹ ስንቶቹ ማንኪያውን ሽሽት ብቻ ታረቅን እንዳሉ ግን ማንም አልጠየቀም።

ፍቅር ያሳውራልና ሌላውንም ልጻፍ። ያ ሁሉ ቅጥር ቱርክን ብቻ አልነበረም የሚያስቀረው። እስከ 1781፣ አፄ ዳግማዊ ዮሴፍ በአዋጅ እስኪሽሩት ድረስ፣ በሳክሶን ከተማ ውስጥ ሩማኒያዊ ቤት መግዛት አይችልም ነበር። ብራሾቭ በምትባለው ከተማ ሩማኒያውያኑ የኖሩት ከግንቡ ውጭ፣ ሽኬይ በሚባለው ሰፈር ነው። እዚያው ብራሾቭ በ1689 ቃጠሎ የደረሰበት ታላቁ ጥቁር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስገባ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ በቱርክ ምንጣፍ ተሸፍኖ አገኘሁት። ነጋዴዎቹ ከኦቶማን አገር ገዝተው ለቤተ ክርስቲያናቸው የሰጡት ስለት ነው። ማታ ማታ በር የሚዘጉበትን ሰው ቀን ቀን ይገበያዩታል። (ትራንሲልቫኒያ ሲባል ድራኩላ ትዝ ለሚለው አንባቢ፦ ሲጊሾአራ ከተማ ውስጥ ለድራኩላ ስም መነሻ የሆነው ቭላድ ተወልዶበታል የሚባለው ቤት ምግብ ቤት ሆኗል። አልፌው ሄድኩ።)

እንግዲህ ሞንጎሉን፣ ቱርኩን፣ ቸነፈሩን ያለፈ ሕዝብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ሩብ ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የበርሊኑ እብደት እነሱም ዘንድ ደረሰ፤ የማኅበረሰቡ አመራር በናዚዎች እጅ ገባ፤ በ1943 ሂትለርና የሩማኒያው አንቶኔስኩ በተስማሙት መሠረት ከአገሪቱ ጀርመኖች 60 ሺህ ያህል ወንዶች ወደ ኤስኤስ ጦር ገቡ። ገሚሱ በውዴታ፣ ገሚሱ በጫና። በመንደር ሙዚየሞቹ ይህ ምዕራፍ በአጭሩ ነው የሚታለፈው፤ ስብ ማማው የተሻለ ቦታ አግኝቷል።

ነሐሴ 1944 ሩማኒያ ጎራ ቀየረች። በሰሜን ትራንሲልቫኒያ የነበሩት ሳክሶኖች፣ በአሥር ሺዎች፣ የጀርመን ጦር እየሸሸ ሳለ በጋሪ ተጭነው ወደ ኦስትሪያ ተሰደዱ። በደቡብ የነበሩት ቀሩ። ጥር 1945 ላይ የሶቪየት ትእዛዝ መጣ፦ ከ17 እስከ 45 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ሴቶች፣ ጀርመን የሆኑ ሁሉ፣ ለመልሶ ግንባታ። ከመላ ሩማኒያ 70 ሺህ ያህል ሰው፣ ከዚያም ውስጥ 30 ሺህ ያህሉ ሳክሶን፣ በከብት ፉርጎ ተጭኖ ወደ ዶንባስ ከሰል ማዕድንና ወደ ሌሎች ካምፖች ተወሰደ። እናቶች ሕፃን ለአያት ጥለው ሄዱ። በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ ከዐሥሩ ከአንድ በላይ አልተመለሰም፤ ከተረፉት አብዛኞቹ እስከ 1949 ድረስ ተለቀቁ። ከነዚያ ወጣቶች አንዱ የሲቢዩ ልጅ፣ በኋላ ገጣሚ የሆነው ኦስካር ፓስቲዮር ነበር። ከሌላው የሩማኒያ ጀርመን ማኅበረሰብ፣ ከባናት፣ የተወለደችው ሄርታ ሙለር እሱ የነገራትን ይዛ ልብ ወለድ ጻፈች፤ መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የእሷም እናት ከተጋዙት አንዷ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች በሌሉበት በ1945 የገበሬዎቹ መሬት ተወረሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር። ተሸጡ። ኮሚኒስቷ ሩማኒያ ጀርመኖቿን ለምዕራብ ጀርመን በዶይቼ ማርክ ትለቅ ነበር። ሃይንዝ ጉንተር ሁሽ የሚባል ጠበቃ በምዕራብ ጀርመን መንግሥት ስም ከ1968 እስከ 1989 ከሩማኒያው መሪ ከቻውሼስኩ የስለላ ሰዎች ጋር በምስጢር ሲደራደር ኖረ፤ በዚያ መንገድ ከ226 ሺህ በላይ ሰው ወጣ፤ የተከፈለው ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ማርክ ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማረ ሰው ዋጋ ካልተማረው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ስደተኛው ቤቱን ለመንግሥት ለቆ በሻንጣ ብቻ ይወጣል። ፓስፖርት ለሚሰጡት ሹማምንት ደግሞ ቤተሰቡ ለብቻው ጉቦ ይሰጣል። ነፃነትን መግዛት ደግ ሥራ ነው ወይስ የሰው ንግድ? ያነጋገርኳቸው ሰዎች እንደወጡበት ዘመን መልሳቸው ይለያያል፤ እኔ ግን የሻጩን ነውር የሚሸፍን ምንም አላገኘሁለትም።

በታኅሣሥ 1989 ቻውሼስኩ ወደቀ፤ በሩ ወለል አለ። በ1990 ብቻ ከ110 ሺህ በላይ ጀርመኖች ከሩማኒያ ወጡ። ማንም አላባረራቸውም። ልጆቻቸውና እኅቶቻቸው ቀድመው ሄደዋል፤ ቄሱ ሄዷል፤ አስተማሪው ሄዷል፤ ጎረቤቱ ቻው ብሎ ሲወጣ የቀረው ማን ይቀብረኛል ይላል። በ1930 በመላ ሩማኒያ 745 ሺህ ያህል የነበሩት ጀርመኖች በ2021 ቆጠራ 23 ሺህ ያህል ሆነዋል። ያ የአራት ሜትር ግንብ የተሠራው ወደ ውስጥ የሚገባን ለማስቀረት ነበር።

ቪስክሪና ቢየርታን ጎብኚ የሚሞላባቸው ናቸው። ስማቸውን ማንም በማያውቃቸው መንደሮች ግን ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ቁልፉ ቤት ቁጥር ይሄን ያህል። በአንዱ መንደር ወረቀቱን ተከትዬ ሄጄ በሩን ሳንኳኳ አንዲት ሮማ፣ በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት ወገን የሆኑ አሮጊት ወጡ። በጀርመንኛ መለሱልኝ፤ ያውም በሳክሶኖቹ ገጠር ዘዬ።

“እማማ፣ ቋንቋውን ከየት አመጡት?”

“ከመንገዱ ነዋ ልጄ። እነሱ ቤት ነው ያደግኩት። ከብት እጠብቅላቸው ነበር።”

የክንድ ያህል የሚረዝመውን ቁልፍ ከምድጃው አጠገብ ከሚስማር ላይ አወረዱ። መንገድ ላይ በ1990 የሆነውን ነገሩኝ። በአንድ በጋ መንገዱ በሙሉ ባዶ ሆነ። ላም በርካሽ ተሸጠ፤ የማይሸጥ ውሻ ተለቀቀ። የጎረቤታቸው ሴት የቤቷንም የቤተ ክርስቲያኑንም ቁልፍ ለገና እስክመለስ ብላ ሰጠቻቸው።

“ተመለሰች?”

“መጣች። እንግዳ ሆና። በራሷ ቤት ወንበር ላይ ዳር ዳሩን ተቀመጠች።” ሳቁ፤ ከዚያም በጣታቸው ወደ ደረጃው ጠቆሙኝ። “ሦስተኛው የበሰበሰ ነው። ዝለይው። ገንዘቡን ሣጥኑ ውስጥ።”

ማማው ላይ ወጣሁ። የሰዓቱ ክብደት የሆኑት ድንጋዮች ተሰቅለዋል፤ ደወሉን በሰዓቱ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ሲቀሩ ግን ሰፈሩ ይበጠበጣል አሉኝ፤ ሰዓት የሚያይበት ሌላ የለውም። ሁሉም መንደር እንዲህ የታደለ አይደለም። በየካቲት 2016 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ማማዎች፣ ራደልን እና ሮትባህ ላይ፣ ፈርሰው ወደቁ። የቀረችው ትንሽ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን 150 ምሽግ መጠገን አትችልም።

ሲቢዩ ተመልሼ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጠዋት በብሩከንታል ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልፍ ተማሪዎቹ በጀርመንኛ ይከራከራሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሩማኒያውያን ናቸው። በጀርመንኛ የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ተማሪያቸው በሄደበት ዘመን ሳይዘጉ በሩማኒያውያን ልጆች ሞልተዋል፤ ወላጅ ቦታ ለማግኘት ይጋፋል። እዚሁ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ሳክሶኑ ክላውስ ዮሐኒስ በ2000 የከተማዋ ከንቲባ ሆነ፤ የመረጡት በአብዛኛው ሩማኒያውያን ናቸው። በ2007 ሲቢዩ ከሉክሰምበርግ ጋር የአውሮፓ የባህል መዲና ተባለች፤ የሳክሶኖቹ አባቶች ከመጡባቸው አገሮች ከአንዷ ጋር። በ2014 ደግሞ ዮሐኒስ የሩማኒያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዘመዶቹ አብዛኞቹ ወደ ጀርመን በሄዱበት ጊዜ የቀረ ሰው ነው።

መሄድ ለሚፈልግ፦ መኪና ይከራዩ፤ አውቶቡስ ደህናዎቹ መንደሮች ድረስ አይሄድም። በነሐሴ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሚመለሱት የበጋ ሳክሶኖች ቤታቸውን ኖራ ሲቀቡ፣ ሲጨፍሩ፣ ሲጨቃጨቁ ስለሚገኙ ጊዜው እሱ ነው። ቪስክሪ ላይ ሴቶቹ የሚሠሩትን የሱፍ ካልሲ ይግዙ፤ በሐምሌም ቢሆን የምሽግ ድንጋይ እግር ያቀዘቅዛል። ከዋናው መንገድ ወጥተው ስሙን ሰምተውት የማያውቁት መንደር ይግቡ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንብበው ያንኳኩ፤ ዝርዝር ገንዘብም ይያዙ፤ ሣጥኑ መልስ አይሰጥም።